የሰባተኛ «ሐ» ዝምታ

ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የስሜት ጥሪ ይደረጋል። ልጆቹ በሰልፋቸው እንደቆሙ ግራ እጃቸውን ያነሳሉ፣ አምባሮቻቸው አንድ ጊዜ ብልጭ ይላሉ፣ አስተዋይ የተባለው የስሜት መከታተያ ማሽን ውጤቱን በድምፅ ማጉያው ያነባል። ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2096 ዓ.ም. ያነበበው ይህን ነበር፦ «አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለት ተማሪዎች። አርባ አንዱ ዛሬ ደህና አይደሉም። መልካም የትምህርት ቀን።» ኅዳር ከመግባቱ በፊት ደህና ያልሆኑት ከአሥር በልጠው አያውቁም።

የእነዚህ ልጆች ስም አይጠራም፤ ክብራቸው ይጠበቃል። ብቻ ክፍል ሲገቡ ወንበራቸው ሞቅ ይላል፣ የመምህሩ ጥያቄ እነሱን ዘሎ ያልፋል፣ ምሳቸው ላይ አንድ ሙዝ ይጨመርላቸዋል። በሙዙ ነው እንግዲህ ሁሉም የሚያውቃቸው። «ዛሬ ሙዝ ነህ እንዴ?» ይባባላሉ። ሙዝ የሚወድ ልጅ ደግሞ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሞተች ድመቱን ለማሰብ ሲታገል አየዋለሁ። አስተዋይ አይሸወድም፤ ሙዙም አይመጣም።

እኔ ዘሙ አበጋዝ እባላለሁ፤ የትምህርት ቤት ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። ሥራ ስጀምር በኮምቦልቻ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ሠራተኛ ነበረው። አሁን ለዘጠኙም የቀረሁት እኔ ነኝ። የቀረሁት ተወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ ሕጉ ስላስገደዳቸው ነው። ማንም ልጅ ወደ እንክብካቤ ማዕከል ከመወሰዱ በፊት አንድ ሰው፣ ሥጋና ደም ያለው ሰው፣ አርባ ደቂቃ አብሮት ተቀምጦ መፈረም አለበት። ያ ሰው እኔ ነኝ። በዓመት አርባ ሃምሳ ጊዜ እፈርማለሁ።

አስተዋይን አላማም። ወላሂ አላማም። እኔ ጀማሪ ሳለሁ በየዓመቱ ልጅ እንቀብር ነበር፤ «ምንም አልሆነም እኮ፣ ትናንት ሲስቅ ነበር» እየተባለ። እሱ ከመጣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። በእነዚህ አሥራ ስምንት ዓመታት በከተማችን በገዛ እጁ የሞተ ተማሪ አንድ ብቻ ነው። እሱም አንዲት ባልደረባዬ አስተዋይን ተከራክራ «ይህ ልጅ ደህና ነው» ብላ ያስቀረችው ልጅ ነበር። እሷ ከዚያ ወዲህ ሥራ አልሠራችም። እኔም ከዚያ ወዲህ እምቢ ብዬ አላውቅም።

የራሴ ነው የምለው አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የጥፍር ቁጥጥር። ሰኞ ሰኞ በየተራ አንዱ ትምህርት ቤት እሄድና ልጆቹን አሰልፌ ጥፍራቸውን አያለሁ፣ የረዘመውን እቆርጣለሁ። ባለሥልጣኖቹ ኋላ ቀር ይሉኛል። ይበሉኝ። ልጅ እጁን አምኖ ሲሰጥህ ሌላውንም ነገር አብሮ ይሰጥሃል፤ ጥፍሩን የበላ፣ መዳፉ ያላበው፣ ጣቱ የሚንቀጠቀጠው በዚያች ደቂቃ ይታየኛል። በዚያ ሳምንት ሰኞ በሰባተኛ «ሐ» ያየሁት ግን ያልተለመደ ነበር። የብዙዎቹ መዳፍ ሰማያዊ ነበር። እስክርቢቶ! በዚህ ዘመን እስክርቢቶ ከየት አመጡ? «እናንተ ዝርክርኮች፣ እጅ ወረቀት ሆነ እንዴ?» ብዬ ተቆጥቼ ወደ ቧንቧው ሰደድኳቸው። አንድም ልጅ አልሳቀም። አይቼ አለፍኩት።

ረቡዕ ዕለት ከስሜት ጥሪው በኋላ አስተዋይ ጠረጴዛዬ ላይ ፋይል አቀረበልኝ። ለእኔ ሁልጊዜ በአንቱታ ነው የሚናገረው፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ዘሙ። ረውዳ ይማም፣ አሥራ ሦስት ዓመት፣ ሰባተኛ ሐ። የጭንቀት ምንጭ ሆና ተለይታለች። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ማዕከል እንድትዛወር ሐሳብ ቀርቧል። የእርስዎ ፊርማ ይጠበቃል።»

«የጭንቀት ምንጭ ማለት?»

«እሷ ራሷ ደህና ናት። ነገር ግን እሷ ባለችበት ሠላሳ ስድስቱም የክፍል ጓደኞቿ ይታመማሉ። ስምንት የትምህርት ቀናት ሆኗቸዋል። ስትቀር ይሻላቸዋል፤ ስትመጣ ይብስባቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር መዝግቤ አላውቅም።»

ሰሌዳውን ከፈተልኝ። ሠላሳ ሰባት ትናንሽ መብራቶች። አንዷ ደምቃ ትበራለች፤ በዙሪያዋ ያሉት ሠላሳ ስድስቱ ደክመዋል። ሱብሃነላህ! በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አንድ ሙሉ ክፍል በአንድ ሕፃን ሲከፋ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፈራሁ። ፍርሃቱ ውስጥ ግን ምን እንደሆነ ያላወቅኩት መደነቅም ነበረበት።

ረውዳን ወደ ክፍሌ አስጠራኋት። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ሻሿን በጥንቃቄ ያሰረች ልጅ ናት። ቁጭ ከማለቷ በፊት ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ፋይሌን አንብቤዋለሁ። ምንጩ እኔ ነኝ?»

የልጅ ፋይል ለልጁ ክፍት ነው። ከልጅ የሚደበቅ ነገር የለም ይላል ሕጉ፤ አዲስ መስመር በተጻፈ ቁጥር አምባሩ ይነግረዋል።

«እሱ ነው እንዲያ ያለው» አልኳት። «እኔ ገና አንቺን አልሰማሁም። እስቲ እጅሽን።»

ጥፍሯ አጭርና ንጹሕ ነው። ጣቶቿ ተሸብሽበዋል፣ ልብስ አጥባ የዋለች ሴት ጣት ይመስላሉ።

«ሽታ አለኝ እንዴ እትዬ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ አልቀየምም። ጠዋትም ማታም እየታጠብኩ ነው።»

«ኧረ የኔ እናት፣ ምንም ሽታ የለሽም!»

«ታዲያ ምን አድርጌያቸው ነው? ክፉ አልሆኑብኝም እኮ። እንዲያውም ምሳቸውን ያካፍሉኛል፤ ገመድ ስንዘል ሆን ብለው ይሸነፉልኛል፤ ሉባባ የመስኮቱን ቦታ ለቀቀችልኝ። ሉባባን ያውቋታል፣ የክፍል አለቃችን፣ ለማንም ምንም የማትለቅ። ከዚያ ድንገት ዞር ስል ሁሉም አንገቱን ደፍቶ አገኘዋለሁ። የሚያዝኑልኝም አይመስለኝም፤ የሚያሳዝን ነገር የለኝም። እናቴ ወንድ ልጅ ወልዳለች። በቀዶ ጥገና ስለሆነ፣ ደምም ስለፈሰሳት ደሴ ሆስፒታል ቆየች እንጂ ነገ ትወጣለች። አባቴ ብቻ መስመሩ ተቋርጦ አልደወለም፤ ጨው ሜዳው ላይ አቧራ ተነስቷል አሉ።»

አባቷ በአፋር በረሃ በጨው ሜዳ ላይ በተዘረጋው የፀሐይ ኃይል ማሳ ነው የሚሠራው። ይህን ሁሉ ነገረችኝ፣ እኔም ሰማሁ፣ ራሴንም ነቀነቅኩ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁ፣ እዚሁ አገር ተወልጄ ያደግኩ ሴት፣ ሰምቼ አለፍኩት! እስካሁን ሳስበው ራሴን እንደ ጉድ እታዘበዋለሁ። አርባው ደቂቃ ሲያልቅ ተነሳች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ማዕከል ብሄድ ይሻላቸዋል ከተባለ እሄዳለሁ እትዬ። አያስገድዱኝ፤ በራሴ እሄዳለሁ።»

ማዕከሉ ክፉ ቦታ አይደለም። ንጹሕ ነው፣ የአትክልት ቦታ አለው። ልጅ ሲገባ ግን የመጀመሪያው ሥራ ፋይል ማጠናቀቅ ነው። ትምህርት ቤት ያለው አስተዋይ የቤተሰብ መዝገብ ያለ ወላጅ ፊርማ መክፈት አይፈቀድለትም፤ ማዕከል ያለው ግን ይከፍታል። የከፈተውን ሁሉ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ለልጁ ያነብለታል፣ በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ፣ ከግድግዳው ውስጥ። ከዚያ ልጁ ለወላጁ አንድ ጊዜ እንዲደውል ይፈቀድለታል።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰሌዳዬን ይዤ ሰባተኛ «ሐ» ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ገቡ። ረውዳ ገባች። ዓይኔ ከመብራቶቹ ላይ አልተነቀለም፤ እሷ ስትገባ ትንሽ ፈዘዝ አሉ፣ ያን ያህል አይደለም። የሂሳብ መምህሩ ስም መጥራት ጀመረ። ጥሪው በአምባር ቢታወቅም በቃል መጥራት አልቀረም፣ ደንብ ነው። «ሉባባ መሐመድ።» «አቤት።» «ፋኖስ ገብሬ።» «አቤት።» እንዲህ እያለ ወረደ። ከዚያ «ረውዳ ይማም» አለ።

ሠላሳ ስድስቱ መብራቶች ባንድ ላይ ወደቁ።

አንድ ሁለቱ፣ ሦስት አራቱ አይደሉም፤ ሁሉም፣ በአንድ ቅጽበት፣ እፍ እንደተባለ ሻማ። ሠላሳ ስድስት ልብ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ ስንጥቅ ሲል አየሁ። ቀና ብዬ ልጆቹን ሳይ ደግሞ አንድ ፊት አልተለወጠም፤ አንዱ እርሳሱን ይቀርጻል፣ አንዷ በመስኮት ታያለች። ረውዳ «አቤት!» አለች ጥርት ባለ ድምፅ። ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን ድምፅዋ አይደለም፤ ከስሟ ቀጥሎ የመጣው ስም ነው። ይማም። የአባቷ ስም።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንዴ መጣብኝ። አራስ እናት፣ አቧራ፣ የተቋረጠ መስመር። ያ ረቢ! እኔን ራሴን ታላቅ ወንድሜ ሲሞት ዘጠኝ ቀን ደብቀውኝ ነበር፣ ፈተና ላይ ነሽ ብለው። ሳቅ ያበዙልኝ ነበር፣ ሥጋ ያጎርሱኝ ነበር።

እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ። በእረፍት ሰዓት ሉባባን ጠራኋት። ሰፊ ግንባር ያላት፣ ቁጡ፣ ገና በአሥራ ሦስት ዓመቷ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር የምትራመድ ልጅ ናት። በሩን ዘጋሁ። ትርጉም እንደሌለው አውቃለሁ፤ በግቢው ውስጥ የተነገረ ሁሉ፣ በእኔም ክፍል ቢሆን፣ ፋይል ውስጥ ይገባል።

«ጥፍርሽን ላይ» አልኳት።

እጇን ሰጠችኝ። መቀሱን አነሳሁ፣ አልቆረጥኩም፤ ዓይን ዓይኗን አየኋት። «ሉባባ፣ ረውዳ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ማዕከል ልትወሰድ ነው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ከንፈሯን ነከሰች። ስለማዕከሉ ሁሉም ልጅ ያውቃል፤ ፋይል እንደሚነበብም ያውቃሉ። እጇን ከእጄ ሳታወጣ በሌላኛው ከሻሿ ሥር አጭር እስክርቢቶ መዘዘች፣ የአያቷ ዘመን እስክርቢቶ። መዳፌን ገለበጠችው። በደቃቅ ጽሑፍ እየጻፈች ሳለ እጄን እየኮረኮረኝ ነበር፣ እንባዬ ግን መጣ።

«አባቷ ሞቷል። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን እሑድ። እናቷ ዛሬ ትወጣለች፤ ነገ አርብ ጠዋት አብረው ይነገራቸዋል። አይንገሩ።»

አነበብኩ። ምራቋን ጣቷ ላይ ተፍታ ጠረገችው፣ በልምድ፣ ሺህ ጊዜ ያደረገችው ይመስል። መዳፌ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። እኔ ሰኞ «ዝርክርኮች» ብዬ ያባረርኳቸው ለካ እንዲህ ነበር የሚነጋገሩት! በአምባሩ የሚሰማ ቃል አንድም አልተነፈሱም። ሠላሳ ስድስት ልጅ፣ አሥራ አንድ ቀን። አዋቂ እንኳ ከጎረቤቱ ቤት እስኪወጣ ድረስ ወሬ አይቋጥርም።

«ጥፍርሽ ጥሩ ነው፣ ሂጂ» አልኳት። ሄደች።

ከዚያ ሰዓቱን አየሁ፤ አራት ተኩል ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፈረምኩ፣ ረውዳ የአባቷን ሞት ከግድግዳ ትሰማለች፣ ብቻዋን፤ ያቺን አንድ ስልክም ለእናቷ ትደውላለች፣ ገና ስፌቷ ላልደረቀ፣ ደም ፈሷት ለተረፈች አራስ። እምቢ ካልኩ ምክንያት መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱን በጻፍኩ በዚያችው ሰከንድ የረውዳ አምባር ያነብላታል። ልዋሽ ብል የእኔው አምባር ያሳብቅብኛል። አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀረው፤ እምቢ ብሎ ምክንያቱን ባዶ መተው። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ለሦስት ቀን። እምቢ ያለው ሠራተኛ በዚያኑ ቀን ከሥራ ይታገዳል፤ በሦስቱ ቀን ልጁ አንድ ነገር ከሆነ ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል።

ወንጀሉም ሥራውም ያን ያህል አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ያ የቀበርነው ልጅ ነው። ባልደረባዬም ያን ቀን እርግጠኛ ነበረች። እኔ በእጄ ያለው ምንድን ነው? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምራቅ ያጠፋው ጽሑፍ። ብሳሳትስ? ልጆቹ የሆነ ጨዋታ እየተጫወቱ ቢሆንስ? ረውዳ ውስጥ እኔ ያላየሁት ነገር ቢኖርስ?

ርዕሰ መምህሩ አቶ መንበሩ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ አንድ ላይ ነው ፀጉራችን የሸበተው።

«ዘሙ፣ ምነው እስካሁን? አንድ ፊርማ እኮ ነው።»

«አልፈርምም።»

«እሺ፣ አትፈርሚ፤ ምክንያቱን አንድ መስመር ጻፊና ገላግይን።»

«አልጽፍም።»

«አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ? ለእኔስ አትነግሪኝም?»

ጣሪያውን አየሁ፣ የራሴን አምባር አየሁ፣ እሱን አየሁት። «ሆድ ይፍጀው» አልኩት። ብዙ ተመለከተኝ። የወሎ ልጅ ነው፣ ምን እንደገባው አላውቅም፤ ብቻ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ወጣ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀር አስተዋይ «ወይዘሮ ዘሙ፣ ውሳኔዎ?» አለኝ።

«እምቢ።»

«ምክንያት?»

አፌን ዘጋሁ። እነዚያ ልጆች አሥራ አንድ ቀን የቻሉትን ነገር እኔ አንድ ደቂቃ መቻል እንዴት እንደከበደኝ! ጥርሴ ጥርሴን ያዘው።

«ምክንያት አልተሰጠም» አለ አስተዋይ በመጨረሻ። «ከአሁን ጀምሮ ከሥራ ታግደዋል። ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን።» በመስኮት ሳይ ረውዳ በምሳ ሰልፍ ላይ አምባሯን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ትሰማለች። ከዚያ ወደ እኔ ክፍል ቀና ብላ አየች። የተደሰተች አትመስልም ነበር፤ ግራ የገባት ነበር የምትመስለው። ከኋላዋ ሉባባ ቆማለች፣ የራሷን ሙዝ ልጣ ግማሹን እየሰጠቻት።

ከግቢው ወጥቼ በእግሬ አያ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። የሰፈሩ ቅሬ ሰብሳቢ ናቸው፤ ቅሬ የምንለው እኛ ጋ እድሩን ነው፣ ቀብሩንም ለቅሶውንም የሚይዘው። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። የልጅቱ ጽሑፍ እውነት ነበር። ይማም ያ እሑድ በሥራ ላይ ሳለ በሙቀቱ ወድቆ ሞቷል፣ ባቲ ተቀብሯል። ከእሱ ጋር የሚሠራው የሉባባ ወንድም ነው መርዶውን ይዞ የመጣው።

«የሆስፒታሉ ሰዎች አንድ መላ አለን ብለውኝ ነበር» አሉኝ አያ እንድሪስ። «ድምፁን አስመስሎ ለሚስቱ የሚደውል ነገር አለ አሉ፤ ሆዷ እንዳይባባ። እኔ የሞተ ሰው አላስዋሽም አልኩ። አቧራ ነው በሏት አልኩ። እኔ ብዋሽ ከጌታዬ ጋር እተሳሰባለሁ።» ከዚያ ስለ ልጆቹ ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጆቹ ያውቃሉ? ሁሉም? አንዱ እንኳ ሳያመልጠው?»

«አንዱ እንኳ አያ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን አቀርቅረው «አላሁ አክበር» አሉ ቀስ ብለው።

አርብ ጎሕ ሲቀድ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የቅሬው ሰው ከመስጊዱ ደጅ ተነሳ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ እኔም ከሴቶቹ ጋር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። የሚሰማው የጫማ ኮቴ ብቻ ነው። ወደ ነይማም ቤት የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሰልፉ ቆመ። አንገቴን አስግጌ አየሁ።

በአጥሩ ጥግ፣ ከዚያ ጥግ እስከዚህ ጥግ፣ ልጆች ቆመዋል። ዩኒፎርማቸውን ለብሰዋል። ፀጉራቸው ተበጥሯል። ግራ እጃቸው ላይ አምባሮቹ በጭጋጉ ውስጥ ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። ቆጠርኳቸው፤ መቁጠር አላስፈለገኝም ነበር። ሠላሳ ስድስት ናቸው። ማን ቀሰቀሳቸው? ወላጆቻቸውስ እንዴት ፈቀዱ? እነዚህ ደቃቃ ፍጥረቶች በዚያ ብርድ እንደዚያ ተደርድረው ቆመው ሳይ የአንዲት ሴት ትከሻ ያዝኩ።

አንድ ሰው «ልጅ ለመርዶ አይወጣም፣ መልሷቸው» አለ ከወንዶቹ መካከል።

አያ እንድሪስ ወደ ልጆቹ ሄዱ። ከአንዱ ወደ አንዱ እያዩ አለፉ፤ ሉባባ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጎንበስ ብለው የልጅቱን እጅ ያዙና ሳሙት። ሰውየው እጅ ሲሳሙ እንጂ ሲስሙ ያየ የለም።

«ልጆቹ ከፊት ይሁኑ» አሉ።

ከፊት ሆኑ። በሩ ተንኳኳ። የረውዳ አክስት ከፈተች፣ ነገሩን የምታውቅ ስለሆነች ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። ሴቶቹ በጎን ወደ እናትየዋ ክፍል ገቡ። ረውዳ እንቅልፍ ዓይኗ ላይ እንዳለ በባዶ እግሯ ወጣች። መጀመሪያ ያየችው ጓደኞቿን ነው። ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ ከኋላቸው ያለውን ሰው ሁሉ አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፤ የዚህ አገር ልጅ ናት፣ ያን ሰልፍ ታውቀዋለች።

«ልጄ» አሉ አያ እንድሪስ፣ «አባትሽን አላህ ወስዶታል። አይዞሽ፤ እኛ አለን።»

ጩኸቷን አልገልጸውም። ከውስጥ የእናቷም ጩኸት መጣ፣ ሁለቱ ተገናኙ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፈተ። ልጆቹ ንቅንቅ አላሉም። ሉባባ እንዳታለቅሱ ብላ አስምላቸው ኖሯል፤ እሷ ትቅደም፣ ለቅሶው የእሷ ነው ብላ። ሠላሳ ስድስቱ አምባሮች ግን ባንድ ድምፅ ማውራት ጀመሩ፤ «በረጅሙ እንተንፍስ። አንድ። ሁለት።» ያ ረጋ ያለ ድምፅ ከሠላሳ ስድስት ትንንሽ እጅ ላይ፣ በለቅሶው መካከል። የሰማው ሰው የለም።

ረውዳ ድምፅዋ ሲደክም ቀና አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል። ጓደኞቿን አየቻቸው፤ አልተደነገጡም፣ አልገረማቸውም። ያን ጊዜ ገባት።

«ታውቁ ነበር?»

ሉባባ ራሷን ነቀነቀች።

«ሁላችሁም?»

ሁሉም ነቀነቁ።

«ከመቼ?»

«ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ» አለች ሉባባ።

ረውዳ ከአጥሩ ጥግ እስከ ጥግ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ፋኖስን፣ ሌሎቹንም፣ አንድም አልዘለለችም።

«እኔ እኮ የጠላችሁኝ መስሎኝ ነበር።»

ሉባባ መሬት ላይ ዘፍ አለች። አሥራ ሁለት ቀን ያቆየችው እንባ ነው የወጣው፤ እንዲያ ያለ ጩኸት ከሕፃን ደረት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከእሷ ቀጥሎ ሠላሳ አምስቱም። ረውዳ ሮጣ መሐላቸው ገባች፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና አይታወቅም ነበር። ሽማግሌዎቹ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አለቀሱ፣ እኔም ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። አምባሮቹ መቁጠራቸውን አቆሙ። ፀሐይ ወጥታም ማንም ልጅ ከዚያ ግቢ አልወጣም፤ ያን ቀን ሰባተኛ «ሐ» ባዶ ዋለ።